ከዕድሜው በፊት፣ የሠራው እጅ

ከአዳማ ተነሥተው የጥንት ሥራ ለማየት የሚወጡ ጎብኚዎች ሁለት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው የተማሪዎች ነው፤ «ጋሼ፣ ይኼ ስንት ብር ያወጣል?» ይላሉ። ሁለቱም የሚያሳፍሩ ጥያቄዎች አይደሉም። ጉዳት የሚመጣው አስጎብኚው ሁለቱን መልሶ ሥራዬን ጨረስኩ ሲል ነው። ቁጥር ሰምቶ የተደነቀ ሰው አውቶቡሱ ጋ ሳይደርስ ቁጥሩን ይረሳዋል። ሁለት ሚሊዮን ዓመትና ሁለት መቶ ሺህ ዓመት በልቡ አንድ ላይ «በጣም ድሮ» ሆነው ይቀመጣሉ።

በዚህ ሙያ ስቆይ አንድ እምነት ላይ ደርሻለሁ። የጥንት ሥራ ማስጎብኘት ማለት ከዕድሜው በፊት የሠራውን እጅ ማሳየት ነው። ከምን ተሠራ? እንዴት ተሠራ? የሠራው ሰው ምን አስቸገረው፣ ችግሩንስ በምን ተወጣው? ጎብኚው እነዚህን ካየ በኋላ ዓመቱ ሲነገረው የሚያስቀምጥበት ቦታ ያገኛል። በገንዘብ ስንት ነው ማለቱንም ብዙ ጊዜ ራሱ ይተወዋል።

የምንሄድበት መንገድ ዞሮ እዚያው አዳማ የሚመልስ ነው። በፍጥነት መንገዱ እስከ አዲስ አበባ ጠርዝ፣ ከዚያ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መስመር ይዘን መልካ ቁንጡሬ፣ ቀጥሎ ጢያ። ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ባቱ እናድራለን። በማግስቱ በዝዋይ ሐይቅ ያለውን የቱሉ ጉዶን ደሴት አይተን በመቂና በሞጆ አድርገን እንመለሳለን።

አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ የማስተዋውቀው አዋሽን ነው። የአዳማ ልጅ አዋሽን ያውቀዋል። ከቧንቧ የሚጠጣው ውኃ ከዚህ ወንዝ የተቀዳ ነው፤ የወንጂን ሸንኮራ የሚያጠጣውም፣ ቆቃ ላይ ተገድቦ ኃይል የሚሰጠውም እርሱ ነው። ብዙዎች የማያውቁት የወንዙን ላይኛ ክፍል ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣና ወደ ስምጥ ሸለቆው ከመውረዱ በፊት በመልካ ቁንጡሬ ያልፋል። ከአዳማ በታች ደግሞ በመተሐራ አድርጎ አፋር ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሉሲ የተገኘችበት ሐዳርም በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ ነው። እንግዲህ ተማሪዎቹ የሚሄዱት የሌላ ሰው ታሪክ ለማየት አይደለም። የሚጠጡትን ውኃ ተከትለው ሽቅብ እየወጡ ነው። ይህን አስቀድመው የሰሙ ልጆች መልካ ቁንጡሬ ሲደርሱ በመጀመሪያ ወንዙ የት እንዳለ ይጠይቃሉ፤ ለእኔ ጉብኝቱ በትክክል መጀመሩን የሚነግረኝ ይህ ነው።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 ዤራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ በወንዙ ዳር የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቁፋሮውን መራ፤ ኋላም የጣሊያን ቡድን በማርቼሎ ፒፔርኖ፣ ቀጥሎም በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ሥራውን ቀጠለ። መልካ ቁንጡሬና በአቅራቢያው ያለው ባልጪት የተባለ ሥፍራ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል።

ሙዚየሙ በአገራችን ጎጆ አምሳያ የተሠሩ ክብ ቤቶችን የያዘ ነው። ስለ አካባቢው እሳተ ገሞራና አፈር፣ ስለ እንስሳትና ስለ ሰው ቅሪተ አካል፣ ስለ ድንጋይ መሣሪያዎቹም የሚያስረዱ ዕቃዎች በውስጣቸው ተደርድረዋል። ከቤቶቹ ሌላ በቁፋሮ የወጣው እንደተገኘ የሚታይበት፣ ጎምቦሬ የሚባለው ሥፍራ አለ። ብዙ አስጎብኚ ጎብኚውን በቀጥታ ወደ ጎጆዎቹ ያስገባል። እኔ መጀመሪያ ወንዙ የቆረጠውን ገደል አሳያለሁ። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ያላየ ሰው በመስተዋት ውስጥ ያለው ድንጋይ ምንም አይነግረውም።

ገደሉ ላይ ከአፈሩ መካከል ነጣ ያሉ፣ አመድ የሚመስሉ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህ የጥንት እሳተ ገሞራዎች የተፉት አመድ ነው። አንድ ጊዜ ከልጃቸው ትምህርት ቤት ጋር የመጡ እናት «ይኼን ያህል ዓመት ማን ቆጠረው?» ብለው ጠየቁኝ። እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝም ቢሆን ልመልሰው የሚገባ ነው። «እማማ፣ በሳጥንዎ ውስጥ ቀን በተጻፈባቸው ሁለት ጋዜጦች መካከል ፎቶ ቢያገኙ፣ ፎቶው መቼ እንደተቀመጠ በግምት ያውቃሉ» አልኳቸው። አመዱ ቀን እንዳለው ጋዜጣ ነው። በውስጡ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ባለሙያዎች ያን ለክተው አመዱ የወደቀበትን ዘመን ያወጣሉ። ከላይ ያለው አመድና ከታች ያለው አመድ ከታወቁ በመካከላቸው ያለው መሣሪያ ዘመኑ ይታወቃል። እናቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ልጃቸውን «ይኼን ጻፍ» አሉት።

ከገደሉ በኋላ ባልጩት ይመጣል። ባልጩት እሳተ ገሞራ ያቀለጠው ድንጋይ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ጥቁር የተፈጥሮ መስተዋት ነው። ለስምጥ ሸለቆ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ ሲሄዱ ከሚታዩት ከቦሰት ተራሮች ጀምሮ በሸለቆው ብዙ ቦታ ይገኛል። የመልካ ቁንጡሬ ሰዎች ያገኙት ደግሞ በባልጪት በኩል ነው። ምንጩ ከወንዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ጅረቶች እያንከባለሉ ያወረዱት ድንጋይ ከዳርቻው ይለቀም ነበር።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቹ ከቅርሱ ሥፍራ ውጪ ያመጣሁትን ተራ የወንዝ ድንጋይ እሰጣቸዋለሁ። «ከዚህ ቢላዋ አውጡ፤ የት ላይ ትመታላችሁ?» እላቸዋለሁ። አብዛኛው መካከሉን ያሳያል። መካከሉን የመታ ሰው ድንጋዩን ያደቃል እንጂ ስለት አያገኝም። መመታት ያለበት ከጠርዙ አጠገብ ነው፤ ጠርዙም ከዘጠና ዲግሪ ያነሰ ማዕዘን ሊኖረው ይገባል። በትክክል ሲመታ ስስ ስባሪ ይፈናጠራል። በስባሪው ላይ ምቱ ያረፈበት ቦታ ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ ከዚያ እየሰፉ የሚሄዱ ቀለበቶችም ይታያሉ። ባለሙያ ሰው የሰበረውን ድንጋይ ገደል ንዶ ከሰበረው የሚለየው እንዲህ ባሉ ምልክቶች ነው። ልጆቹ ይህን ካወቁ በኋላ ሙዚየሙ ውስጥ ሲገቡ ዓይናቸው ይለወጣል። በመስተዋቱ ላይ ተጎንብሰው ጉብታውንና ቀለበቱን ይፈልጋሉ፤ «ይኼኛው እዚህ ጋ ነው የተመታው» እያሉ ይከራከራሉ። ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ ከኋላ መቆም ነው ሥራዬ።

በመልካ ቁንጡሬ ካሉት ሥፍራዎች ሲምቢሮን ሳላነሣ አላልፍም። ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው ንጣፍ ውስጥ ከተገኙት 578 የድንጋይ መሣሪያዎች 575ቱ የባልጩት ናቸው። ይህን የዘረዘረው ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከነዚህ መካከል ትላልቅ የእጅ መጥረቢያዎች አሉ። ባልጩት ስለቱ የሚያስፈራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ትልቅ መጥረቢያ ለማውጣት በደርዘን የሚቆጠር ምት ያስፈልጋል፤ አንዱ ምት ከጠነከረ ሥራው ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚፈናጠረው ስባሪም እጅ ይቆርጣል። እነዚያ ሰዎች ግን አንድ ዓይነት ቅርፅ፣ በሁለቱም ጎን የተመጣጠነ፣ ደጋግመው ሠርተዋል።

«ይኼ ታዲያ ጥበብ ነው ወይስ መሣሪያ?» የሚል ጥያቄ ከአዋቂዎች ይመጣል። ሐውልት፣ ሥዕልና ወርቅ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ጥቁር ድንጋይ ፊት ሲቆሙ ቅር የሚላቸው አሉ። መልሴን አልሸሽግም። ሥጋ ለመቁረጥ አንድ የተሳለ ስባሪ ይበቃ ነበር። ሁለት ጎኑ እንዲመሳሰል መድከም የሚመጣው፣ ሥራው ሳይጀመር ቅርጹ በሠሪው ሐሳብ ውስጥ ሲኖር ነው። ድንጋዩ ውስጥ ገና ያልወጣውን አስቀድሞ ያየ፣ እጁንም ለዚያ ያስገዛ ሰው፣ ለእኔ ጠቢብ ነው። በብሔራዊ ሙዚየም የምናየው የአክሱም ዘመን ቅርጻ ቅርፅ፣ በላሊበላ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን የዚህ ችሎታ ኋለኛ ፍሬዎች ናቸው። ስለዚህ የጥንት ጥበብ ጉብኝትን ከባልጩት መጀመር ተገቢ ይመስለኛል።

በጎምቦሬ ደግሞ 700 ሺህ ዓመት የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል። የአዋቂዎች ብቻ አይደለም፤ የሕፃናትም አለበት። በዚያው ቦታ መሣሪያ ሲሠራ፣ ጉማሬም ሲታረድ እንደነበር ቁፋሮው አሳይቷል። ሕፃናቱ ከሥራው ራቅ ተደርገው አልተቀመጡም ማለት ነው። ታላላቆቻቸው ድንጋይ ሲመቱ፣ ሥጋ ሲበልቱ በመካከላቸው ይመላለሱ ነበር። ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው እንዲህ ነው። ጋርባ በሚባለው ሥፍራ የተገኘው የሕፃን መንጋጋም ዕድሜው ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ገልጿል፤ የጥንት ሰው በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ ደጋ ይኖር እንደነበር የሚመሰክር ቅሪት ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነሣ እምነታቸው የሚነካ የሚመስላቸው ጎብኚዎች አሉ። አልከራከራቸውም፤ አላሾፍምም። አመዱ እንዴት እንደተለካ፣ መሣሪያው በየትኛው ንጣፍ እንደተገኘ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። እምነታቸውን ይዘው ሥራውን እንዲያዩት ቦታ እተውላቸዋለሁ። እስካሁን የሠሪውን እጅ ብልሃት የካደ ጎብኚ አላጋጠመኝም።

ስለ ሠሪው ስንናገር ሁልጊዜ «ሰውየው» ማለትም ተገቢ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኮንሶና በሌሎችም ቦታዎች፣ ቆዳ ፋቂዎች በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ተመራማሪዎች በቅርብ ዘመን መዝግበዋል። በኮንሶ ይህን ሙያ የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ድንጋዩን መርጠው፣ ራሳቸው ስለው፣ ሲዶለዱም እንደገና እያወጡ ይሠሩበታል። ይህን ስነግራቸው ሴት ተማሪዎች ወደ መስተዋቱ ጠጋ ይላሉ። ቆዳ ፋቂነት፣ ሸክላ ሠሪነትና ቀጥቃጭነት በአገራችን ሲናቁ የኖሩ ሙያዎች ናቸው። በሙዚየም ውስጥ በክብር የተቀመጠውን ሥራ እያደነቅን የዛሬዎቹን ባለ እጆች መናቅ እንደማይገጥም እዚያው ቆመን እንነጋገራለን።

ጢያ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ሰዓቱን እጠነቀቃለሁ። በዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርፅ የተቀረጸባቸው ናቸው። ከአክሱም ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። በእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቅርጹ ይደበዝዛል፤ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍ የጎራዴዎቹ ጠርዝ፣ ክቦቹና ቅርንጫፍ መሰል ምልክቶቹ ጎልተው ይወጣሉ። ጎብኚው የመቅረጫውን መንገድ በዓይኑ እንዲከተል ያን ጊዜ እጠይቀዋለሁ። ትክሎቹን ሕዝቡ ከኢማም አሕመድ ዘመን ጋር ያያይዛቸዋል፤ ጥናቱ ግን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የቆሙ መሆናቸውንና ከሥራቸው መቃብር መኖሩን አረጋግጧል። ሁለቱንም እናገራለሁ፤ አንዱ የሕዝብ ትረካ፣ ሌላው የቁፋሮ ውጤት መሆኑንም ለይቼ። የሚለይ አስጎብኚ ይታመናል፤ የሚቀላቅል ግን አንድ ቀን ይጋለጣል፤ እውነቱንም አብሮ ያስጥላል።

ባቱ ስንደርስ ባልጩት ተመልሶ ይገኛል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው በገደሞታ ከ276 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት ሹል መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እነዚህ እንደ መልካ ቁንጡሬው መጥረቢያ ትላልቅ አይደሉም፤ ትንንሽ፣ ቀጫጭንና ሹል ናቸው፤ በእንጨት ላይ እየተሰኩ ለመወርወርም እንዳገለገሉ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ያየ ተማሪ ማንም ሳይነግረው የእጅ ሙያ በዘመናት መካከል ወዴት እንደሄደ ያስተውላል።

በማግስቱ ጠዋት በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ እንሻገራለን። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ ነው፤ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለበት፣ የዘይ ሕዝብ የሚኖርበት። በትውፊት፣ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው በዚህ ደሴት እንደተጠለሉ ይተረካል። ገዳሙ በግዕዝ የተጻፉ የብራና መጻሕፍትን ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። እዚህ አስጎብኚው ወደ ኋላ ይላል። የመጽሐፉ ጠባቂ አባ ናቸው፤ ሲፈቅዱ ይገልጣሉ፤ ሲያነቡ እንሰማለን። ካሜራ ብልጭታ የለም፤ በእርጥብ እጅ መንካት የለም።

እኔ የምናገረው ከመጽሐፉ በፊት፣ ገና በጀልባው ላይ፣ ብራና እንዴት እንደሚሠራ ነው። የፍየል ቆዳ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ተወጥሮ ይታሠራል፤ ሥጋና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይላጫል፤ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ እየደረቀ ደግሞ እንደገና ይወጠራል። አንድ ቦታ ላይ ፋቂው ከከበደ ይቀደዳል፤ ካልጠነከረ ቀለም አይቀበልም። ከዚያ በወስፌ መስመር ይሰመርበታል። ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለአምላክና ለቅዱሳን ስም፣ ለምዕራፍ መጀመሪያም ይጠቀማል። ገጾቹ ተጠርዘው በእንጨት ገበታ ይለበጣሉ፤ መጽሐፉም በቆዳ ማኅደር ይቀመጣል። አንድ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚፈጅ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያሰሉ እተዋቸዋለሁ፤ ገጹን አይተው ሲያሰሉ ቁጥሩ ያስደነግጣቸዋል።

ከዚህ በኋላ አባ መጽሐፉን ሲገልጡ ልጆቹ ከሥዕሉ በፊት ቆዳውን ያያሉ። የተጠገነች ቀዳዳ፣ ከስፌቱ ዳር የወስፌው ጭረት፣ ከጥቁሩ ወደ ቀዩ ሲሸጋገር ብዕሩ የተነሣበት ቦታ ይታያቸዋል። ትናንት በመልካ ቁንጡሬ የድንጋዩን ጉብታ የፈለገ ዓይን ዛሬ በብራናው ላይ የሠሪውን እጅ ያገኛል። በሁለቱ መካከል እጅግ ረጅም ዘመን አለ፤ ሁለቱም ጋ ግን ሰው አስቸጋሪ ነገር ፊት ተቀምጦ በትዕግሥት እያሸነፈው ነው። ተማሪው ይህን በገዛ ዓይኑ ካየ በኋላ ዘመኑን ሲሰማ ቁጥሩ ትርጉም ያገኛል።

ስለ ብር የሚጠይቁትን ተማሪዎች ጥያቄም አልንቅም። መልሱ ይህ ነው፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ዋጋውን ያጣል። በየትኛው ንጣፍ፣ ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛው አጥንት አጠገብ እንደነበር ካልታወቀ የሚነግረን ነገር ይጠፋል። በባልጪት መሬት ላይ ጥቁር ስባሪ ተበትኖ ሲያዩ ለማስታወሻ ብለው ኪስ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ ትልልቅ ሰዎችም ጭምር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ፣ አንድ ሰው የሚያነሣው ስባሪ የሌላው ሰው ማስረጃ ነው። ልጆች ይህን ቶሎ ይረዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ተቆጪ ሆነው አዋቂዎችን የሚያስመልሱት እነርሱ ናቸው።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። ዓመተ ምሕረት አጥኑ፤ ግን በዓመተ ምሕረት አትጀምሩ። ድንጋይ እንዴት እንደሚሰበር፣ ብራና እንዴት እንደሚወጠር፣ ትክል ድንጋይ በየትኛው ብርሃን እንደሚታይ ከባለሙያዎች ተማሩ። ትውፊትን በትውፊትነቱ፣ ጥናትን በጥናትነቱ ተናገሩ። ጎብኚው እያየ ሳለ አትናገሩ።

የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመቂና የባቱ መምህራንና ወላጆች ደግሞ ልጆቻችሁን አምጡ። መልካ ቁንጡሬ ቅርብ ነው፤ ገደሞታ ከዚያም ይቀርባል፤ ቱሉ ጉዶ ከባቱ በጀልባ ይደረሳል። የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን የአዋሽን ልጅ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ እንዲያውቀው መተው ጥፋት ነው። አንድ ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ክፍል ተማሪ ቢያመጣ፣ ከነዚህ ልጆች መካከል ነገ ቅርሱን የሚቆፍር፣ የሚጠብቅና የሚያስጎበኝ ሰው ይወጣል።